ለሚመለከተው ሁሉ፦ ኤክስፓየር ያደረገውን መድኃኒት የት እናድርሰው?

የተከበራችሁ የመድኃኒት ቁጥጥር፣ የአካባቢ ጥበቃና የፍሳሽ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ካሁን በፊት የጻፍነው ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይል ነበር። ሦስት ቢሮ ዞረ። ሦስቱም «እኛን አይመለከትም» አሉ። የአንዱ ቢሮ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ከልቧ አዝና «ወንድሜ፣ ይሄ የሚመለከተው ያለ አልመሰለኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማንንም በስም አልጠራም፤ ሁላችሁም እንድታነቡት በአደባባይ ጽፈነዋል።

እኛ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ብዙ ሳንርቅ፣ በየሰፈሩ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ከፍተን ወይም ተቀጥረን የምንሠራ ፋርማሲስቶችና ድራጊስቶች ነን። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ብሆንም ሐሳቡ የአስራ አንድ ሰው ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳን ባለፈው ወር የደረሰን ሰርኩላር ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በሱቅም በመጋዘንም እንዳይገኝ፣ በ30 ቀን ውስጥ «በአግባቡ» እንዲወገድ፣ ይህን ያላደረገ ፈቃዱ እንደሚታገድ ይናገራል። የት ይወገድ? አይልም። ማን ይውሰደው? አይልም። «በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ግን በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ተጽፋለች፤ ቆጥሬያታለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

በመጀመሪያ ያለንበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። የእኔን ሱቅ ልውሰድ። ከኋላ፣ ደረጃው ስር፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ ዘጠኝ ካርቶን አለ። ላዩ ላይ በቀይ ማርከር «የማይሸጥ» ተብሎ ተጽፏል። በደንቡ መሠረት ዝርዝሩን ሞልቼ፣ ባች ቁጥሩን ከነዋጋው ጽፌ፣ በሦስት ኮፒ አስገብቻለሁ። ያስገባሁት የዛሬ ዓመት ከአራት ወር ነው። «ኮሚቴ ይመጣል» ተባልኩ። ኮሚቴው አልመጣም፤ የመጡት ጉንዳኖች ናቸው። የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ተሰንጥቆ ካርቶኑን አርሶት ኖሮ አንድ ጠዋት ስከፍት ከግድግዳው ስንጥቅ እስከ ጠርሙሱ ድረስ ጥቁር መስመር ሠርተው አገኘኋቸው። ጠረግኩ፣ አጠብኩ። ውሃው የት ሄደ? በር ላይ ወዳለው ቦይ። ቦዩስ? ወደ ወንዙ። እጄ ላይ ዲግሪ አለ፣ ግድግዳዬ ላይ ፈቃድ ተሰቅሏል፣ ያን ዕለት ጠዋት ግን መድኃኒት ወንዝ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጓደኛችን ደግሞ የባሰ ገጠመው። ቤቱን ያከራዩት ሰውዬ ኪራይ ጨምረውበት ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር፣ የአራት ዓመት ኤክስፓየርድ በፒክአፕ ጭኖ ነው የሄደው። አዲሱ ሱቅ ላይ ኢንስፔክተር መጥቶ «ይሄን ሁሉ ይዘህ ፈቃድ አልሰጥህም» አለው። ይዞት እንዳይገባ ተከለከለ፣ ይዞት እንዳይወጣ መድረሻ የለውም። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ እሱም ማደሪያ አጥቶ ካርቶን ይዞ ሲዞር ከረመ። በመጨረሻ ምን እንዳደረገው ጠይቄው አያውቅም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም። እናንተም አትጠይቁት።

የሱቁ ጉዳይ ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒት ግን ከእኛ ካርቶን ይበልጣል።

አንዲት የሰፈራችን እናት ባለቤታቸው በሞቱ አርባ ካወጡ በኋላ ፌስታል ይዘው መጡ። አባባን አውቃቸዋለሁ፣ ስድስት ዓመት የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከእኔ ነው የወሰዱት። ፌስታሉ ውስጥ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን፣ ተጀምሮ የተተወ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ፣ ሁለት አምፑል ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ። «ይሄው ልጄ፣ ያላለቀውን አመጣሁልህ፣ ለቸገረው ሰው ስጥልኝ፣ ለነፍሱ ይሁን» አሉኝ። ከሰው ቤት የተመለሰ መድኃኒት ለሌላ ሰው መስጠት አልችልም፤ ሙቀት ይንካው አይንካው አላውቅም። አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ምን ላድርገው? ልጣለው?»

«ዝም ብለው አይጣሉት እማማ፣ ልጆች ያገኙታል።»

«ልቅበረው?»

«ወደ ውሃ ይሰርጋል።»

«ላቃጥለው?»

«ጭሱ መርዝ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያ ልዋጠው ልጄ?» አሉኝ።

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን መልስ አልነበረኝም። ለጊዜው የምንመክረው ፍሬውን ከስትሪፑ አውጥቶ ከቡና አተላ ጋር ደባልቆ፣ በፌስታል አጥብቆ አስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ማውጣት ነው። ከምንም ይሻላል። ግን ደረቅ ቆሻሻ የሚሄደው ቆሼ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቆሻሻውን በእጃቸው እየለዩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። እማማ በሳምንቱ ሲያልፉ «ገላገልኩት፣ ሽንት ቤት ጨመርኩት» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

«አንድ ፌስታል መድኃኒት ምን ያመጣል» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ቁጥሩን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ታትሞ ነበር። በ104 አገሮች የሚገኙ 258 ወንዞች ተመረመሩ፤ የተፈለገው 61 ዓይነት መድኃኒትና መሰል ኬሚካል ነው። በጠቅላላው የመድኃኒት ክምችት ከሁሉም የባሱት የሦስት ከተሞች ውሃዎች ሆነው ተገኙ። ላሆር፣ ላፓዝ እና አዲስ አበባ። የእኛ አማካይ በሊትር 51 ማይክሮግራም ገደማ ነበር። ለባለሙያ ካልሆነ ይሄ ቁጥር አይገባም፣ ስለዚህ በሮቶ ላስረዳ። አስር ሺህ ሊትር የሚይዘውን ትልቁን ሮቶ ሙሉ፣ ከዚያ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አሟሙበት። የወንዛችን ውሃ በአማካይ እሱን ይመስላል ማለት ነው። እርግጥ ድምሩ ውስጥ ካፌይንም አለ፣ የቡና አገር ስለሆንን እሱን ለብቻው እንዳትወቅሱን። ግን ቡና ብቻ አይደለም።

በጥናቱ 61ዱ ሲፈለጉ በዓለም ላይ በብዛት የተገኙት ካፌይን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ካርባማዜፒን እና የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ናቸው። ሜትፎርሚን ሰውነታችን ውስጥ አይፈርስም። ከአንጀት ወደ ደም የገባው ሥራውን ሠርቶ በኩላሊት በኩል እንዳለ በሽንት ይወጣል። አንቲባዮቲኩ አሞክሲሲሊንም ከግማሽ በላዩ እንዲሁ ሳይለወጥ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ወንዙ ውስጥ ያለው መድኃኒት አብዛኛው የሚመጣው ከእኛ ካርቶን ሳይሆን ከሽንት ቤት ነው። ይህን የምጽፈው ጉዳያችንን እንደሚያሳንሰው እያወቅኩ ነው። ፋርማሲስት ሆኜ ልደብቀው አልችልም። ግን ከሽንት የሚመጣውን ለማስቆም ቧንቧ፣ ማጣሪያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያውም ተራው ማጣሪያ የተሠራው ሌላውን ቆሻሻ ለማስወገድ ስለሆነ እንደ ካርባማዜፒን ያለው እንደገባ ይወጣል። ካርቶኑን ለማስቆም ግን አንድ መኪናና አንድ ቦታ ይበቃል። ከባዱን ስትሠሩ ዓመታት ይፈጅባችኋል፣ ይገባናል። ቀላሉን ለምን ታሳድራላችሁ?

የወንዙን መንገድ ታውቁታላችሁ። ትንሹ አቃቂ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ፣ ከዚያ እስከ አፋር። በመንገዱ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት ይጠጣዋል። ከብት ይጠጣዋል። በጾም ወቅት የሰፈራችን ሴቶች ጠዋት ጠዋት ከጉልት የሚገዙት ቆስጣ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ አጥበን እንበላለን፣ እኔም እበላለሁ። አትክልተኞቹን አልወቅስም። እነሱ ውሃውን አላበላሹትም፣ ከእኛ ከላይኞቹ ነው የተቀበሉት።

አንድ ሳህን ቆስጣ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሰው ይገድላል እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ ማስፈራራት ሐሰት ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንቲባዮቲክ በጥቂት በጥቂቱ ወንዝ ውስጥ ሲኖር ጀርሞቹ ይለማመዱታል። ደካማው ይሞታል፣ የቻለው ይተርፋል፣ የተረፈው ይራባል፣ የቻለበትን ዘዴ ለጎረቤቱ ጀርም ሳይቀር ያካፍላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ይህን በቁጥር አላየሁትም፣ ያየሁት በባንኮኒ ነው። አንዲት እናት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲፕሮ ወስዳ፣ ሌላ ተቀይሮላት፣ እንደገና ሌላ ተቀይሮላት፣ አራተኛውን ማዘዣ ይዛ ስትመጣ ዋጋውን ነገርኳት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ደሞዝ ስቀበል እመለሳለሁ» ብላ ሄደች።

እዚህ ላይ እኛም ንጹሕ አይደለንም። ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት አለ፣ ፈራሚዎቹ ውስጥም አለ። «ሁለት ፍሬ ብቻ ስጠኝ» ሲባል ቆርጠን የሰጠንበት ቀን አለ። ገበያው ነው፣ ኪራዩ ነው እያልን እናመካኛለን። ሰበብ ነው። በዚህ ብትቀጡን አንጮህም። የምንጮኸው መፍትሔ በሌለበት ጉዳይ ስንቀጣ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አሞራ ላውራ። የመድኃኒት ቤት ሰው ስለ አሞራ ምን አገባው ትሉ ይሆናል፣ ታገሡኝ። ከከተማው ዳር የመጣ አንድ ገበሬ «በሬዬ እግሩን አሞታል፣ የዲክሎፌናክ መርፌ ስጠኝ» አለኝ። ይሄ የሰው ነው ብዬ መለስኩት። ከሁለት ሱቅ በኋላ እንደሚያገኘው እሱም እኔም እናውቃለን። ህንድ ውስጥ ነገሩ የጀመረው እንዲሁ ነው። ርካሽ ነው፣ ያሽላል፣ ለከብት ይወጉታል። ከብቱ ከሞተ ሬሳውን አሞራ ይበላዋል። እዚያ አገር አሞራ የከተማ ጽዳት ሠራተኛ ነበር ቢባል አልተጋነነም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን አሞራዎቹ ከየዛፉ እየወደቁ ማለቅ ያዙ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዲክሎፌናክ ኩላሊታቸውን ያቆመዋል፤ ሆዳቸው ሲከፈት ልብና ጉበታቸው ጠመኔ የተነሰነሰበት መስሎ ይገኛል። እስከ 2007 ድረስ አንደኛው ዝርያ ከሺህ አንድ ብቻ ቀረ። ሬሳው ሜዳ ላይ ተከመረ፣ ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ጨመረ። በ2006 ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት መስጠትን ከለከሉ። ሰዉ ታዲያ የሰዉን ትልቁን ጠርሙስ እየገዛ ለከብት መውጋቱን ቀጠለ፣ ህንድም በ2015 ለሰው የሚሸጠው መርፌ ከ3 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ወሰነች። ያ ገበሬ ከእኔ የፈለገው ይህንኑ ነው።

የእኛዎቹ ጥንብ አንሳዎች ደግሞ ቀድሞውኑ አደጋ ላይ ናቸው። እዚህ ከሚኖሩት ውስጥ አራቱ ዝርያዎች በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል። ለከብት ሜሎክሲካም የሚባል አማራጭ አለ፣ አሞራን አይገድልም። ይህን ለእኛም ለእንስሳት ሐኪሞቹም በአንድ ገጽ ጽፎ መላክ ምን ይከብዳል? ሰርኩላር መጻፍ እንደሆነ ትችሉበታላችሁ።

የፋብሪካ ነገርም አለ። አጭር አደርገዋለሁ። ሐይደራባድ አጠገብ ፓታንቼሩ በሚባል ቦታ 90 ገደማ የመድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን ይልኩበት የነበረ አንድ ማጣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ከዚያ ማጣሪያ «ተጣርቶ» በሚወጣው ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮ ተገኘ። ሲፕሮ የሚውጥ በሽተኛ ደም ውስጥ እንኳ ይህን ያህል አይገኝም። እኛ ከምንሸጠው መድኃኒት ብዙው የሚመጣው ከህንድ ነው፣ ስለዚህ የእኛ መደርደሪያ ከዚያ ፍሳሽ ጋር ይገናኛል። አሁን እኛም ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተለየ ፓርክ አለን። አገር ውስጥ ማምረቱ ደስ ይለናል፣ መድኃኒት ሲጠፋ የሰው ፊት የምናየው እኛ ነን። የምንጠይቀው ከፓርኩ የሚወጣው ፍሳሽ የአንቲባዮቲክ ምርመራ ይደረግለት፣ ውጤቱም ይነገረን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሽ መመሪያ አውጥቷል፤ ከባዶ መጀመር የለባችሁም።

ሕግ የለም እንዳትሉን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም አለ። የወንዝ ዳርቻውም እየለማ ነው፤ ድንጋይ ተነጥፏል፣ ሣር ተተክሏል፣ ማታ ማታ መብራቱ ያምራል፣ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው። ዳርቻውን ስታለሙ ውሃውን ማን ተረከበው?

እንግዲህ የምንጠይቃችሁን እንጻፍ።

የ30 ቀኑ ቀነ ገደብ ይነሳ፣ ወይም መድኃኒቱን የምናስረክብበት ቦታ እስኪነገረን ይቁም። ዝርዝር አስገብቶ የሚጠብቅ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠር። ማህተም ያለበት ኮፒ በእጃችን አለ።

በየሦስት ወሩ በየወረዳው የሚዞር አንድ መኪና ይመደብልን። በኪሎ የሚከፈል ከሆነም እንከፍላለን፤ ዋጋውን ንገሩን እንጂ። የሚቃጠለውም በሜዳ ሳይሆን ሙቀቱ ከ850 ዲግሪ በላይ በሚደርስ፣ ሁለት ክፍል ባለው ማቃጠያ ይሁን። አንቲባዮቲክ በበርሜል በቤንዚን ሲነድ አይቻለሁ፤ ስትሪፑ ፕላስቲክ ስለሆነ ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል፣ ግማሹ ፍሬ ደግሞ ሳይነድ አመድ ውስጥ ይቀራል።

ከሕዝቡ የተረፈ መድኃኒት እንድንቀበል ፈቃድ ይሰጠን። አሁን ከእማማ ፌስታሉን ብቀበል ኢንስፔክተር ሲመጣ «ይሄ ያለ ደረሰኝ የገባ መድኃኒት ምንድነው» ብሎ ነው የሚጽፈኝ። ቁልፍ ያለው ሳጥን በር ላይ እናስቀምጣለን፣ ሳጥኑን በራሳችን ወጪ እናሠራለን። በፈረንሳይና በፖርቱጋል ሰው የተረፈውን ወደ መድኃኒት ቤት መመለስ ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ወጪውን የሚሸፍኑትም የመድኃኒት ኩባንያዎች ናቸው።

ወደዚያው ስንመጣ፣ አስመጪዎችና አከፋፋዮችም ይግቡበት። አራት ወር የቀረው መድኃኒት በቅናሽ አሸክመውን ሲሄዱ ማንም አይጠይቃቸውም። ሳይሸጥ ሲቀር እንዲመልሱ የሚያስገድድ ነገር ይኑር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የከተማ ፍሳሽ ሕግ መድኃኒቱን ለማጣራት ከሚያስፈልገው ተጨማሪ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ አምራቾች እንዲከፍሉ ወስኗል። እኛ 80 አላልንም። ከዜሮ ከፍ ይበል ነው ያልነው።

የወንዙ ውሃ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምትና በበጋ፣ ለመድኃኒት ይመርመር። የሆስፒታሎች ፍሳሽም እንዲሁ። ውጤቱ በመሳቢያ አይቀመጥ። ስለ ከተማችን ውሃ ከውጭ አገር ጥናት ማንበብ ያሳፍራል።

በመጨረሻም አንድ ሰው ስጡን። ቢሮ አላልንም፣ ሰው። ስልክ ሲደወልለት «እኛን አይመለከትም» የማይል።

ማኅበር ስላልሆንን ማህተም የለንም፣ ለዚያ ይቅርታ። ዘጠኙ ካርቶን ግን አሁንም ደረጃው ስር ነው። እሁድን ጨምሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነን። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ስትገቡ ጎንበስ በሉ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

ከትንሹ አቃቂ ወንዝ አቅራቢያ የሚሠሩ አስራ አንድ ፋርማሲስቶችና ድራጊስቶች